ሚዛኑ አልወርድ ሲል

በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ስብሰባ ላይ በጤና ንዑስ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር

የጤና ንዑስ ኮሚቴው ተራ ሲደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ሪፖርት ነው። ስንት ሰው ተመዘነ፣ ስንት ሰው የደም ግፊት ተለካ፣ ስንት ቅዳሜ በእግር ተጓዝን። ዛሬ ቁጥሩን ለጸሐፊያችን ትተን ስለ አንድ ነገር ብቻ እንድንናገር ፈቅዳችሁልናል። የምናወራው ስለ ወረደ ኪሎ ሳይሆን አልወርድ ስላለ ኪሎ ነው።

የጠዋት እግር ጉዞ ቡድናችን ሲጀመር አብዛኞቻችን የገባነው በሐኪም ምክር ነው። አንዷ ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው ተብላለች፤ ሌላዋ ግፊትሽ ከፍ ብሏል ተብላለች፤ አንዷ ደግሞ ጉልበቷ የኮንዶሚኒየሙን አራተኛ ፎቅ አልወጣ ብሏታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሚዛኑ ደግ ነበር። ቀሚስ ለማጥበብ ልብስ ሰፊ ጋ የተመላለሱ አሉ። ከአራተኛውና ከአምስተኛው ወር በኋላ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያው ቁጥር ሆነ። አንዳንዷ ሁለት ወር፣ አንዳንዷ ግማሽ ዓመት እዚያው ላይ ቆመች። ያን ጊዜ የሚመጣው ሰውም ማነስ ጀመረ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ልጅ ታሞ፣ ለቅሶ ኖሮ፣ እንግዳ መጥቶ ነበር። ቤት ድረስ ሄደን ቡና እየጠጣን ስንጫወት ግን አንዷ የተናገረችው የሁሉም ሆኖ አገኘነው፦ «ምን ልመዘን ብዬ ልምጣ? ያው ነኝ።»

እኛን ያሳሰበን ኪሎው አይደለም። ኪሎው አልወርድ ሲል እግር ጉዞውም ይተዋል፣ ግፊት መለካቱም ይተዋል፤ ሐኪም የሰጠው መድኃኒት ሳይቀር «ለውጥ ከሌለው ምን ያደርግልኛል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ አይተናል። አንድ የቆመ ቁጥር ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ለምን እንደሚቆም ማወቅ ለኛ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት የሚወርደው ሁሉ ስብ አይደለም። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ለቅርብ ጊዜ የሚሆን የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ ግላይኮጅን ይባላል። እያንዳንዱ ግራም ስንቅ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ስንቀንስ ቀድሞ የሚነካው ይህ ስንቅ ነው፤ ሲወጣ ውኃውንም አስከትሎ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ቀነስኩ ተብሎ እልል ከሚባልለት ውስጥ ብዙው ውኃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የስብ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ ዘገምተኛ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። በየቀኑ 500 ኪሎ ካሎሪ የምታጎድል ሴት አንድ ኪሎ ስብ ለማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ሰው በመጀመሪያው ወር ፍጥነት ሦስተኛውን ወር ሲለካው ገና ሳይቆም የቆመ ይመስለዋል።

ከዚያ ግን እውነተኛው መቆም ይመጣል። ይህን ለመረዳት የቤት አስተዳደር የምታውቅ ሴት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልጋትም። የቤቱ ገቢ ሲያንስ ምን እናደርጋለን? በመጀመሪያው ወር ከተቀመጠው እናወጣለን። ወሩ ሲደጋገም ግን ወጪ እንቆርጣለን፤ ታክሲው ይቀርና በእግር ይሆናል፣ መብራት በጊዜ ይጠፋል፣ ዘይቱ በጠብታ ይሆናል። ሰውነትም ይኸንኑ ያደርጋል። አነስ ያለ ሰውነት ለመንቀሳቀስም ለመሞቅም የሚያስፈልገው አነስ ያለ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሳናውቀው እንቅስቃሴያችን ራሱ ይቀንሳል፤ ቆመን እናደርገው የነበረውን ተቀምጠን እናደርጋለን፣ ከሶፋው የምንነሳው ስንጠራ ብቻ ይሆናል። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ለእያንዳንዱ የወረደ ኪሎ ሰውነት በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ወጪ ይቀንሳል።

ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ ረኃቡ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ነበር። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ይወስዳሉ። ስኳሩ እንደሚወጣ አይሰማቸውም፣ ምግብ ቀንሱም አልተባሉም። ኪሎ ግን ወረደ። አጥኚዎቹ ሰዎቹ ምን ያህል እየበሉ እንደሆነ መልሰው ሲያሰሉ፣ ለእያንዳንዱ የወረደ ኪሎ የምግብ ፍላጎት በቀን 100 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምሮ አገኙት። ስምንት ኪሎ የቀነሰች ሴትን አስቡ። ሰውነቷ በየቀኑ ከቀድሞው 800 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምሪ እያለ ይጎተጉታታል። ያ ደህና አድርጎ የተበላ ምሳ ነው። በየቀኑ አንድ ምሳ «ብላኝ፣ ብላኝ» እያለ በሚጎትትበት ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት ኪሎዋን ሳትጨምር እዚያው ላይ ቆማ መገኘቷ ምንም አልሠራችም የሚያሰኝ ነው? እኛ ትልቅ ሥራ ነው እንላለን።

ረኃቡም በአንድ ወር የሚያልፍ አይደለም። በ2011፣ አሁንም በአውሮፓውያኑ፣ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ለአሥር ሳምንት በጣም ትንሽ እየበሉ ኪሎ የቀነሱ 50 ሰዎችን ተከታተሉ። ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ወርዷል፣ ራበኝ የሚያሰኘው ግሬሊን ወጥቷል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለኩም ሆርሞኖቹ ወደ ነበሩበት አልተመለሱም፤ ሰዎቹም ከመጀመሪያው ይበልጥ ይርባቸው ነበር። ከዚያ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ወጣት ወንዶች በፈቃደኝነት ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ረኃብ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ጦርነቱ ያስራባቸውን ሕዝቦች እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነው። የልብ ምታቸው ዘገመ፣ በሞቃት ቀን በረዳቸው፣ ከምግብ ሌላ ወሬ ጠፋባቸው። እነዚህ ጠንካራ ወጣቶች ናቸው። ሰነፍ ስለሆንሽ ነው የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

አሁን ወደ ቅዳሜው ሚዛን እንመለስ። ሚዛኑ ቆመ ከማለታችን በፊት በእርግጥ መቆሙን ማጣራት ደግ ነው። በየመንገዱ ጥግ ልጆች ይዘውት የሚቀመጡትን ሚዛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ጋ ተመዝነሽ ሁለት መቶ ሜትር ሄደሽ ሌላው ጋ ብትመዘኚ ኪሎሽ ሌላ ነው። ልጆቹ አያጥፉ፤ ሚዛኑ አስፋልቱ ባልተስተካከለበት ላይ ተቀምጦ፣ ፀሐይና አቧራ መትቶት ነው። አንድ ሚዛን፣ አንድ ቦታ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ። የወር አበባ ሲቀርብ ሰውነት ውኃ ይይዛል። ጨው የበዛበት ወጥ በተበላ ማግስትም እንደዚሁ። አንዷ አባላችን ሰርግ ቤት ውላ እሁድ ጠዋት ስትመዘን አንድ ኪሎ ተኩል ጨምራ ቀኑን ሙሉ ከፋት፤ ረቡዕ ዕለት ጠፍቶ ነበር። በአንድ ሌሊት አንድ ኪሎ ተኩል ስብ ለመጨመር ሰርጉን ብቻዋን መብላት ነበረባት። ስለዚህ በቡድናችን የአራት ሳምንት ልክ አብሮ ካልታየ «ቆመ» የሚል ቃል አንናገርም።

አራት ሳምንት አልፎ ካልተንቀሳቀሰ ቀጥሎ የሚታየው ወጥ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

በ1992 በአሜሪካ የታተመ ታዋቂ ጥናት አለ። በቀን ከ1,200 ኪሎ ካሎሪ በታች እየበላን ኪሎ አልወርድ አለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሴቶች። ሲመረመሩ የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም ጤነኛ ነበር። የሚበሉት ግን እንበላለን ካሉት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስንናገር አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ተለዋወጠ። ዋሽተዋል ማለታችን አይደለም። ሰው የሚበላውን በትክክል መቁጠር አይችልም፤ የምግብ ባለሙያዎችም ሲፈተኑ አሳንሰው ሲገምቱ ታይተዋል። የኛ አበላል ደግሞ ለቁጥር ጭራሽ አይመችም። በአንድ ትሪ ላይ አምስት ሰው ከበላ እኔ ስንት ቆረስኩ ማን ያውቃል? ጉርሻ በማን ሂሳብ ይያዛል? ምግብ የምትሠራዋ ሴት ጨው ስትቀምስ፣ ቅመሙን ስታይ፣ ልጅ የተወውን ስትጨርስ ሳትቀመጥ ግማሽ ምሳ በልታለች። ቡናው አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢገባ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 100 ኪሎ ካሎሪ። ቁርሱ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ከሆነ ስለ እሱ ባንናገር ይሻላል።

ከሁሉ ግን ዘይቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። በጣሳ ከሚፈሰው ላይ ግምት የለም፤ «ሽሮው እንዳይደርቅ» ተብሎ አንድ ጊዜ ዘንበል ሲል ሦስትና አራት ማንኪያ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ፈጠን ብለን ብንራመድ የምናወጣው እንደ ክብደታችን ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት ከሜክሲኮ እስከ መስቀል አደባባይ ደርሰን ተመልሰን፣ ማታ በሁለት ዘንበል እናጠፋዋለን። ለዚህ ነው ከጥቂት ጊዜ ጀምሮ አባላት በየቤታቸው ዘይት በማንኪያ ለክተው እንዲያስገቡ የተስማማነው። ሌላ ምንም ሳይነኩ ይህን ብቻ ያደረጉ ሴቶች ወጡ ያው ሆኖ ሳለ ጣሳው ከወር በላይ እንደቆየላቸው ነገሩን። ዘይት በዚህ ዋጋ! ከኪሎው በፊት ኪሳቸው አመስግኗል።

ጾሙን የሚያነሱ አሉ፤ «እየጾምኩ እንዴት ኪሎ አይወርድም?» ይላሉ። ጾም የነፍስ ነው፤ እኛ በሱ ላይ የምንናገረው የለም። ለሥጋው ግን የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። 55 ቀን በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ፣ ዘይት የጠጣ ፍርፍርና ዳቦ በሻይ ከሆነ ሥጋና ቅቤ መቅረቱ ሚዛኑ ላይ አይታይም። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ከዘመድ ዘመድ። በረመዳንም ሙስሊም እህቶቻችን የነገሩን ተመሳሳይ ነው፤ ቀኑን ውሎ ማፍጠሪያው ላይ ሳምቡሳው በዘይት፣ ጭማቂው በስኳር ይመጣል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን ያለበት ጾም ግን ሌላ ነው። ጥራጥሬ ፕሮቲን አለው፣ ቶሎ አያስርብም። ከቆሎ ንፍሮ ይሻላል የምንለውም ለዚህ ነው፤ ያው እህል ነው፤ ግን ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በትንሹ ያጠግባል። ጥርስ ለሌላቸው እናቶቻችንም የሚመች እሱ ነው።

በትሪ አብሮ መብላትን እንተው ያለች አባል ነበረች። አልተቀበልናትም። አብሮ መብላት ለኛ ከምግብ በላይ ነው፤ ኪሎ እንዲወርድ ብሎ ሴትን ከቤተሰቧ ማዕድ ለይቶ ለብቻ ሳህን ማስቀመጥ የምትቀጥልበት ነገር አይሆንም። የተስማማነው ቀለል ያለ ነው፦ በፊታችን ባለው በኩል ጎመኑንና ሰላጣውን አብዝተን ማስቀመጥ፣ ከሱ መጀመር፣ እንጀራ ሲጨመር «በቃኝ» ማለት። በቃኝ ማለት ቀላል ነው ብላችሁ ግን እንዳትገምቱ።

ምክንያቱም ሰው ዝም አይልም። በኛ አገር ውፍረት ለረጅም ጊዜ የምቾት ምልክት ነበር። «ተመችቶሻል፣ ሞላ ብለሻል» ምርቃት ነው። መክሳት ደግሞ የችግር፣ የበሽታ ምልክት። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በወሰደብን ዓመታት ከሳ ማለት ምን ማለት እንደነበር የምናስታውስ እዚህ አለን፤ ያ ፍርሃት እስካሁን ከሰው አፍ አልወጣም። አንዲት እህታችን ሰባት ኪሎ ቀንሳ ሰንበቴ ስትሄድ «ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ? የደበቅሽን ነገር አለ?» ብለው አስጨነቋት። በሳምንቱ ማኅበር ቤት ጉርሻ በጉርሻ ላይ ሆነባት። እምቢ ስትል አክባሪዎቿን ማስቀየም መሰላት። ሚዛኗ የቆመው በዚያ ወር ነው። ይህን ሆርሞን አያስረዳውም። ስለዚህ ቡድናችን አንድ ነገር አደረገ፤ ሁለት ሦስት ሆነን ቤቷ ሄደን ለባሏ፣ ለአማቷና ለልጆቿ የሐኪሙን ወረቀት አስረዳን። አማቷ አስተዋይ እናት ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚያጎርሷት ከጎመኑ ሆነ። ጉርሻው አልቀረም፣ ነገሩም ተፈታ።

መቆሙ ሲያስጨንቅ ሰው አቋራጭ መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር። የማቅጠኛ ሻይ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የሚያስቀምጡ ቅጠሎች ናቸው፤ የሚያስወጡት ውኃና ሰገራ ነው፣ ስብ አይነኩም። ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ክኒን ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት የልብና የደም ሥር ጉዳት ስለሚያስከትል በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ተነስቷል፤ ሆኖም «የተፈጥሮ ዕፅ ብቻ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ሳይነገር ተቀላቅሎ በተለያዩ አገሮች ደጋግሞ ተገኝቷል። ግፊት ላለባት ሴት ይህ ቀልድ አይደለም። ምግብ ጭራሽ መተውም እንደዚሁ። በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ እህቶች ምግብ ቢዘሉ ስኳራቸው ወርዶ ሊያዞራቸው፣ ራሳቸውን ሊያስታቸው ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ኪሎ የመጨመር ጠባይ አላቸው። የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌም በአንዳንድ ሴቶች ላይ እንዲሁ። የታይሮይድ ዕጢ መድከምም አለ፤ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት አብረው ከታዩ መመርመር ይገባል። ታዲያ ማንም በራሷ መድኃኒት አታቁም፤ ሐኪሟን ትጠይቅ፣ ካስፈለገ እሱ ይቀይርላታል።

ውድ ስለሆነው፣ በየሳምንቱ ስለሚወጋው አዲሱ መድኃኒት የሚጠይቁንም በዝተዋል። ሴማግሉታይድ የሚባለው ነው። ይሠራል፤ ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገው ትልቅ ሙከራ በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከክብደት 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለኛ ግን ትኩረት የሚስበው ሌላው ክፍል ነው፤ እዚያም ኪሎው ከዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ ቆሟል። ያቆሙት ሰዎች ደግሞ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ መልሰዋል። መቆም የማይደርስበት መንገድ የለም ማለት ነው።

ታዲያ ሲቆም ምን እናድርግ? የቡድናችን ልምድ ይህ ነው። ሁልጊዜ መግፋት የለበትም። አንዳንድ ጊዜ የሚሻለው ሦስት ወር ያህል «ዘንድሮ የምንይዘው ይህንን ነው» ብሎ ባሉበት መጽናት ነው። ዕቁብ የጣለች ሴት ታውቀዋለች፤ ዕጣ ያልወጣላት ወር ገንዘቧ የጠፋ ወር አይደለም። በነዚያ ወራት ጡንቻ ላይ እንሠራለን። ኪሎ ሲወርድ ከሚወርደው ሩብ ያህሉ ጡንቻና ሌላ ስብ ያልሆነ አካል ነው፤ ጡንቻ ሲቀንስ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ጂም ለመግባት ገንዘብ የሚያወጣ የለንም። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቶ ማንሳት፣ ከወንበር እጅ ሳይደግፉ አሥር ጊዜ መነሳት፣ ግድግዳ መግፋት፣ ደረጃ መውጣት፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና በሚዘጉባቸው እሁዶችም ልጆቻችንን ይዘን እንወጣለን፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እኛ እናወራለን፣ እግር ግን ይሠራል። እንቅልፍም አለ። ከአራት ሰዓት በታች ተኝታ ሊጥ ለማቡካት የምትነሳ ሴት ቀኑን ሙሉ ቢርባት አይገርምም፤ እዚያ ቤት መፍትሔው የባልና የልጆች እጅ ነው እንጂ የሷ ብርታት አይደለም።

ከሚዛኑ ጎን ሜትር ጨምረናል። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ አውጥቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥንቃቄ፣ 88 ካለፈ ከፍ ያለ አደጋ ይላል። ኪሎዋ ለአምስት ወር ያልተንቀሳቀሰ አንዲት እናት አሉን፤ ወገባቸው አራት ሴንቲ ሜትር ቀንሷል፣ ቀበቷቸው አንድ ቀዳዳ ተሻግሯል። እሳቸው ቤት ሚዛኑ ነው ውሸታም።

አሁን ደጋፊዎቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ላይ ደርሰናል። በየመንፈቁ የምንሞላው ቅጽ ላይ ስለ ጤና ቡድኑ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በአማካይ የወረደ ኪሎ ስንት ነው?» ጥያቄው በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑን እናውቃለን። ግን አስቡት። በቅጹ ስሌት ኪሎዋን ይዛ ዓመት የቆየች ሴት ዜሮ ናት። ሁለት ወር መጥታ ውኃዋን አውጥታ የጠፋች ሴት ሦስት ኪሎ ናት። አዲስ ሰው እያስገባንና ነባሩን እየረሳን ብንሄድ ሪፖርታችን ያምራል፤ ሴቶቻችን ግን አይድኑም።

ሊታይ የሚገባው ሌላ ነው። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ በተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። የታሰበው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ። ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በስኳር በሽታ የሚያዙት ሰዎች መጠን ምንም ካልሠራ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። ሰዎቹ በኋላ ከቀነሱት ብዙውን መልሰዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታዩ ግን በስኳር የሚያዙት መጠን አሁንም በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 7 በመቶ አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከቆሙት እህቶቻችን ብዙዎቹ የቆሙት ከዚህ አልፈው ነው። «ያው ነኝ» ብላ የቀረችው እህታችንም እንደዚሁ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅጹ ላይ ከኪሎው ጎን የወገብ ልክ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ምርመራ ውጤትና ከዓመት በኋላም እየመጡ ያሉ ሴቶች ቁጥር እንዲጨመር። ሁለተኛ፣ ሰፊ የክንድ መጠቅለያ ያለው የግፊት መለኪያ። ያለን መጠቅለያ ለቀጭን ክንድ የተሠራ ነው። ሰፊ ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ ሲታሰር ግፊቱን ከሆነው በላይ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ አንዲት ሴት በሱ ምክንያት ደንግጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጣ በትክክለኛው ተለክታ ደህና ሆና ተመልሳለች። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ዝርዝሩ ጸሐፊያችን ዘንድ አለ።

ለአባላት ደግሞ፦ የሚቀጥለው ቅዳሜ መመዘን የለም። ሚዛኑን ቆልፈንበታል፣ ቁልፉም ገንዘብ ያዣችን ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ቁልፍ እንደማትሰጥ ታውቃላችሁ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በተለመደው ቦታ እንገናኝና እንሄዳለን። ሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የቀሩትን እህቶች ለማምጣት ቤታቸው የሚቀርባችሁ በዕለተ ዓርብ ማታ ብቅ በሉላቸው፤ ስለ ኪሎ አታንሱ፣ ለእግር ጉዞ ብቻ ጥሯቸው። አሁን ቡናው ደርሷል። ስኳሩ ለብቻው ቀርቧል፣ ማንኪያውም ትንሹ ነው።